የምሥራቅ ሎንዶን ሠራተኞች የሥዕል ትርኢት

በዲሴምበር ወር 1928 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ዋይትቻፕል በተባለው ሰፈር በሚገኘው የሥዕል አዳራሽ ውስጥ፣ ከዚያ በፊት ብዙ ያልተለመደ አንድ ትርኢት ለሕዝብ ተከፍቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ያልተለመደ ያሰኘውም የሥዕሎቹ አርእስት ብቻ አልነበረም፤ ሥዕሎቹማ ጎዳናን፣ የቤት ጣሪያን፣ የሱቅ ደጃፍን፣ ጀልባ የቆመበትን ቦይ የሚያሳዩ ነበሩ። ይልቁንም ሰውን ያስደነቁት ሠዓሊዎቹ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ቅርጫት እየሠሩ፣ አንዱ የሰው ቤት መስኮት እየወለወሉ፣ ሌላው በመላላክ ሥራ፣ ሌሎቹም በጽሕፈት ቤት ተቀጥረው የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙ ሰዎች ሲሆኑ፤ ሥዕል የተማሩት ቀን ሲደክሙ ውለው በማታ ትምህርት ቤት ነው። የትርኢቱ ባለቤት የሆነው ማኅበራቸውም በዚያን ጊዜ «የምሥራቅ ሎንዶን የሥዕል ክበብ» ይባል ነበር።

በንግድ ሥራ የተጠመደ ሰው ስለ ሥዕል የሚወራውን ነገር ከመዝናኛ ቈጥሮ ቢያልፈው አይፈረድበትም። የዚህ ትርኢት ታሪክ ግን አብዛኛው የገበያ ታሪክ ነው። ሥዕሉን ለሕዝብ የሚያሳይ አዳራሽ ባይገኝ፣ ደፍሮ የሚሸጥ ነጋዴ ባይነሣ፣ ኪሱን ከፍቶ የሚገዛ ሰው ባይኖር ኖሮ ሥዕሎቹ በሠሪዎቻቸው መኝታ ቤት ተደራርበው በቀሩ ነበር፤ የሽያጩ በር በተዘጋ ጊዜም ማኅበሩ ብዙ አልቈየም። ከዚህም ሌላ በሸራዎቹ ላይ የሚታየው ኑሮ የቸርቻሪውና የሠራተኛው ኑሮ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ፈርሰው ቦታቸው እንኳ የማይታወቅ ሱቆችና መጋዘኖች በማናቸውም የንግድ መዝገብ በማይገኝ መልክ ተጽፈውበት ይገኛሉ።

ደረጃ የሌለው ደጃፍ

ምሥራቅ ሎንዶን በቴምዝ ወንዝ ወደቦች አጠገብ የተቈረቈረ የሥራ አገር ነበር። ከሩቅ ምሥራቅና ከአፍሪካ የሚመጣው ሻይ፣ ቅመማ ቅመም፣ የዝሆን ጥርስና ሱፍ የሚራገፈው በነዚያ ወደቦች ነው፤ ያን ሁሉ ሀብት በጫንቃው ተሸክሞ መጋዘን የሚያገባው ሕዝብ ግን በጠባብ ቤት ተጨናንቆ ይኖር ነበር። በዋይትቻፕል የቅዱስ ይሁዳ ቤተ ክርስቲያን ቄስ የነበሩት ሳሙኤል ባርኔትና ባለቤታቸው ሄንሪየታ ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ ከባለጸጎች ቤት ሥዕል እየተዋሱ፣ በደብሩ ትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ እየሰቀሉ በየዓመቱ ለሰፈሩ ሰው ያሳዩ ነበር። መልካም ሥዕል ማየት የባለጸጋ ብቻ ዕድል ሆኖ መቅረት የለበትም የሚለው የእነርሱ አሳብ በጊዜው ብዙ የሚያፌዝበት ነበረው። ሕዝቡ ግን መጣ፤ እየበዛም ሄደ።

ስለዚህ በ1901 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሆን አዳራሽ ቻርልስ ሃሪሰን ታውንሴንድ በተባሉ ሰው ንድፍ ተሠርቶ ተከፈተ። የዚህ ሕንፃ ደጃፍ የተሠራው ከመንገዱ ጋር እኩል ሆኖ ነው። ወደ ትልልቆቹ የሎንዶን ቤተ መዘክሮች የሚገባ ሰው ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ወጥቶ፣ በታላላቅ ዓምዶች መካከል አልፎ ነው፤ በዋይትቻፕል ግን ከሥራ የሚመለሰው ሰው መሣሪያውን እንደ ያዘ ከእግረኛው መንገድ ቀጥታ ይገባል፤ ለመግባትም ገንዘብ አይጠየቅም። ከደጃፉ ላይ ደረጃ ያለበት ሱቅ ገበያተኛን እንደሚያሸሽ ባለሱቅ ሁሉ ያውቃል፤ ቄሱም ሳያውቁት አልቀሩም። በመጀመሪያው ትርኢት ብቻ ከ200,000 የሚበልጥ ተመልካች ወደ አዳራሹ ገብቷል።

የአዳራሹ የመጀመሪያ ሹም ቻርልስ ኤይትከን ይባሉ ነበር። እኒህ ሰው በ1911 ዓ.ም. ወደ ታላቁ የቴት ሥዕል ቤት ተዛውረው የእርሱ አስተዳዳሪ ሆኑ፤ ቀድሞ ያገለገሉበትን ሰፈር ግን አልረሱም። የኋላው ነገር እንደሚያሳየው ይህ ለሠራተኞቹ ሠዓሊዎች ትልቅ ዕድል ሆነላቸው።

የማታው ትምህርት

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የሎንዶን ከተማ ምክር ቤት ሥራ ውለው ለሚገቡ ሰዎች የማታ ትምህርት የሚሰጥባቸው ቤቶችን በየሰፈሩ አቋቁሞ ነበር። በቤትናል ግሪንና በቦው ሰፈሮች በነበሩት ቤቶች የሥዕል ክፍል ተከፈተ። አስተማሪው ጆን ኩፐር የሚባሉ፣ ከሰሜን እንግሊዝ ከዮርክሽር የመጡ፣ ስሌድ በተባለው በታወቀው የሎንዶን የሥዕል ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ነበሩ። ተማሪዎቻቸው የተማረ እጅ አልነበራቸውም፤ ጊዜም አልነበራቸውም። ኩፐር ግን የግሪክን ሐውልት እየገለበጡ እንዲውሉ አላደረጓቸውም። የሚያውቁትን ነገር፣ ማለት የሚኖሩበትን መንገድ፣ የሚበሉበትን ገበታ፣ ከመኝታ ቤታቸው መስኮት የሚታየውን የጭስ መውጫ እንዲሥሉ አበረታቷቸው።

ይህን አሳብ ያጠነከረላቸው ደግሞ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር የነበሩት ሠዓሊ ዋልተር ሲከርት ናቸው። ሲከርት ሥዕል በእንግዳ መቀበያ ክፍል ይጠወልጋል፤ በማድ ቤት ግን ይለመልማል የሚል አሳብ አስቀድመው በጽሑፍ የገለጡ ሰው ሲሆኑ፤ ወደ ቦው እየመጡ ለሠራተኞቹ ንግግር ያደርጉላቸው፣ ሥዕላቸውንም ከእነርሱ ሥዕል ጋር ያሰቅሉ ነበር። ሲከርት ቦው ድረስ የመጡት ለምጽዋት አልነበረም፤ በዚያ የሚሠራው ሥራ እርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የሰበኩት ነገር ስለ ነበረ ነው።

የማታ ተማሪ ትልቁ ችግር ብርሃን ነው። በክረምት የሎንዶን ፀሐይ ሠራተኛው ከሥራ ሳይወጣ ትጠልቃለች። ስለዚህ የመንገድ ሥዕል የሚሥል ሰው ንድፉን በቅዳሜ ከሰዓት በኋላና በእሑድ በእርሳስ አውጥቶ፣ ቀለሙን በኋላ በመብራት ይቀባ ነበር። በብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ መንገዱ ባዶ ሆኖ፣ የሱቁ መዝጊያ ወርዶ፣ አንድ ሰው ወይም አንድ ጋሪ ብቻ የሚታየው አንድም በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። አንዳንድ ተቺዎች ይህን ባዶነት እንደ ኀዘን ቈጥረውታል። ሳምንቱን ሙሉ በጩኸት መካከል የሚውል ሰው ግን የእሑድን ጸጥታ ቢሥል ኀዘኑን ሳይሆን ዕረፍቱን መሣሉ ነው ቢባል ይሻላል።

ሠዓሊዎቹና ያዩት ነገር

ሄንሪ ሲልክ ቅርጫት ሠሪ ነበሩ፤ ሞያውም የቤተ ሰባቸው ሞያ ነው። ሥዕሎቻቸው ከሌሎቹ ሁሉ ያነሱ ነገሮችን ይዘው ይገኛሉ፤ በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ባርኔጣ፣ ጫማና የጫማ ብሩሽ፣ በክፍሉ ጥግ ያለ አልጋ። ዕቃዎቹ ያረጁ ናቸው፤ ነገር ግን ባለቤታቸው ዋጋቸውን እንደሚያውቅ ሰው ሆኖ ሥሏቸዋል። ጫማ በደንበኛው እግር ላይ ምን እንደሚሆን ለማየት የሚፈልግ ጫማ ነጋዴ ቢኖር ከሲልክ ሥዕል የተሻለ ምስክር አያገኝም።

ኤልዊን ሆውቶርን በልጅነታቸው ከትምህርት ቤት ወጥተው በተላላኪነት የሠሩ ወጣት ነበሩ። የሥዕል ስጦታቸው ከሁሉም የላቀ ሆኖ ስለ ተገኘ ዋልተር ሲከርት ረዳታቸው አድርገው ለጥቂት ዓመታት አሠርተዋቸዋል። ሆውቶርን የቦውን ዋና መንገድ ሥለዋል፤ እንዲሁም በማይል ኤንድ መንገድ ላይ የሚገኘውን፣ በ1695 ዓ.ም. ለጡረተኛ የመርከብ አዛዦችና ለባሎቻቸው ለሞቱባቸው ሴቶች መጦሪያ የተሠራውን የትሪኒቲ ቤቶች ሥለዋል። ከሥዕሎቻቸው ፊት የቆመ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ግድግዳ ነው፤ ጡቡ፣ ጥላው፣ የሰማዩ ግራጫ መልክ። ቈይቶ ግን በዚያ መንገድ በየቀኑ ያልፍ የነበረ ሰው ዐይን ምን ያህል በትዕግሥት እንደ ተመለከተው ይረዳል።

ወንድማማቾቹ ዋልተርና ሃሮልድ ስቴግልስ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ነበሩ። ዋልተር ከሣሏቸው ሥዕሎች መካከል ለነጋዴ ይበልጥ የሚጥመው የብራይሜይን የዕቃ ማራገፊያ የሚያሳየው ነው። ይህም ብራያንት ኤንድ ሜይ የተባለው የታወቀው የክብሪት ፋብሪካ ዕቃውን በጀልባ የሚያስመጣበት የቦይ ዳርቻ ነው። የፋብሪካው ስም በንግድ ዓለም ብቻ ሳይሆን በሠራተኛ ታሪክም የታወቀ ነው፤ በ1888 ዓ.ም. ክብሪት ሠሪ ሴቶችና ልጃገረዶች ሥራ አቁመው የሥራቸውን ሁናቴ ያሻሻሉት በዚህ ፋብሪካ ነበር። በዋልተር ስቴግልስ ሥዕል ላይ ግን ጠብም ክርክርም የለም፤ ውሃው፣ ግንቡና ማራገፊያው ብቻ ናቸው። ፋብሪካው በ1979 ዓ.ም. ተዘግቶ ሕንፃው ዛሬ መኖሪያ ቤት ሆኗል።

ሴቶችም ነበሩበት። ግሬስ ኦስክሮፍት የቦውን አሮጌ ቤቶችና ጣሪያዎች ሣሉ፤ ሊሊያን ሊሂ በማታው ትምህርት ቤት ከኤልዊን ሆውቶርን ጋር ተማሩ፤ በኋላም ተጋቡ። ስለ እነርሱ የተጻፈው ከወንዶቹ ያነሰ መሆኑ የሥራቸው መጠን ሳይሆን የዘመኑ ልማድ ነው።

አልበርት ተርፒን ግን ለብቻቸው የሚነገሩ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. በቤትናል ግሪን ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው በባሕር ወታደርነት አገልግለው፣ በኋላ መስኮት መወልወልን ሞያቸው አደረጉ። መሰላል ተሸክሞ ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ ከመጠጥ ቤት ወደ መጠጥ ቤት የሚሄድ ሰው ሰፈሩን ከላይም ከታችም ያውቀዋል። ሥዕሎቻቸው ሰው የበዛባቸው፣ የሱቅ ሰሌዳ የሚነበብባቸው፣ ሳልሞን ኤንድ ቦል የተባለውን የሰፈሩን መጠጥ ቤት የመሰሉ ቦታዎች ያሉባቸው ናቸው። አሮጌዎቹ መንገዶች ሳይፈርሱ በፊት መልካቸውን ማስቀረት ያስፈልጋል የሚል አሳብ ነበራቸውና እስከ ሞቱበት እስከ 1964 ዓ.ም. ድረስ ብሩሻቸውን አልጣሉም።

ነጋዴዎች ያልገቡበት ገበያ

ተርፒን ከሣሏቸው ቦታዎች አንዱ የኮሎምቢያ ገበያ ነው። ታሪኩ ገበያ ለማቋቋም ለሚያስብ ሰው ሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ ጥቂት ከመንገድ ወጣ ብሎ መንገሩ ይገባል።

አንጀላ በርዴት ኩትስ የተባሉ የታወቁ የባንክ ቤተ ሰብ ወራሽ፣ ለድኆቹ ንጹሕና ርካሽ ምግብ የሚሸጥበት ቦታ እንዲሆን ብለው፣ 200,000 ፓውንድ ያህል አውጥተው በቤትናል ግሪን ካቴድራል የሚመስል ገበያ አሠሩ። ገበያው በ1869 ዓ.ም. ተከፈተ። ግንቡ ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ያሸበረቀ፣ ግቢው ሰፊ ነበር። ነጋዴዎቹ ግን አልገቡበትም። በእሑድ መሸጥ የተከለከለ ሆነ፤ ሥርዓቱ በዛ፤ ትልልቆቹ የዓሣና የአትክልት ገበያዎችም ተፎካካሪ እንዲነሣባቸው አልወደዱም። ጋሪ ነጋዴው ደግሞ ደንበኛው በሚያልፍበት በመንገዱ ዳር መቆምን መረጠ። በ1886 ዓ.ም. ገበያው ተዘጋ፤ ሕንፃው ለልዩ ልዩ ሥራ ሲያገለግል ከቈየ በኋላ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ፈረሰ። ከዚያ ሁሉ ግንብ የተረፈው ነገር ጥቂት ሲሆን፤ አጠገቡ ባለው በኮሎምቢያ መንገድ ላይ ግን አበባ ሻጮች ዛሬም በየእሑዱ ቆመው ይነግዳሉ። መልካም አሳብ ያላቸው ባለጸጋ በገንዘባቸው ሊሠሩት ያልቻሉትን፣ ዕቃውን በደንበኛው መንገድ ላይ የሚያቆም ሻጭ ያለ ገንዘብ ሠራው።

ሥዕሉ ገበያ ወጣ

የ1928ቱ ትርኢት በዋይትቻፕል ብቻ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ የሰፈር ወሬ ሆኖ ባለቀ ነበር። ቻርልስ ኤይትከን ግን ትርኢቱን ካዩ በኋላ ከሥዕሎቹ የተመረጡት በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እርሳቸው በሚያስተዳድሩት በቴት ሥዕል ቤት እንዲታዩ አደረጉ። የቅርጫት ሠሪና የመስኮት ወልዋይ ሥዕል በመንግሥቱ የሥዕል ቤት ተሰቀለ ማለት ለጋዜጦች ትልቅ ወሬ ነበር፤ ጋዜጦችም አስጮኹት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነጋዴው ነው። ሬይድና ሌፌቭር የተባለው፣ በሎንዶን የባለጸጎች ሰፈር በሴይንት ጄምስ የሚገኘው የሥዕል ንግድ ቤት፣ በፈረንሳይ አዳዲስ ሠዓሊዎች ሥራ የታወቀ ነበር። ይህ ቤት በ1929 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ «የምሥራቅ ሎንዶን ቡድን» በሚል ስም የሠራተኞቹን ሥዕል ለሽያጭ አቀረበ። እንዲህ ያለው ትርኢት እስከ 1936 ዓ.ም. ድረስ በየዓመቱ ተደረገ። ይህ ዘመን የዓለም ንግድ የወደቀበት፣ በእንግሊዝ አገር ሥራ አጥ የበዛበት ዘመን መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የማይታወቁ ሰዎችን ሥዕል በተከታታይ ስምንት ዓመት ለገበያ ያቀረበ የንግድ ቤት ድፍረት ሊመሰገን ይገባዋል። የሥዕሎቹ መጠን አነስተኛ፣ ዋጋቸውም ከታላላቅ ሠዓሊዎች ዋጋ ጋር የማይወዳደር ስለ ነበር፣ ከዚያ በፊት ሥዕል ገዝቶ የማያውቅ ሰው ሊደፍረው የሚችል ዕቃ ነበር። የከተማ ሥዕል ቤቶችም ገዙ።

ሌላው ገዢ የቤንዚን ኩባንያ ነው። ሼል የተባለው ኩባንያ በ1930ዎቹ ዓመታት በማስታወቂያ ክፍሉ ኀላፊ በጃክ ቤዲንግተን መሪነት ለጊዜው አዲስ የሆነ አሠራር ነበረው። ማስታወቂያውን መንገዱ ሁሉ በሚያጥር ሰሌዳ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ቤንዚን በሚያመላልሱት በራሱ የጭነት መኪናዎች ጎን ላይ ይለጥፍ ነበር፤ ሥዕሉንም የሚያሠራው በዘመኑ በነበሩ ሠዓሊዎች ነው። ወንድማማቾቹ ስቴግልስ ለዚህ ሥራ ተጠርተው የእንግሊዝን ትንንሽ ከተሞችና ገጠሮች ሣሉ። በዚህ ዐይነት ቦው ላይ የተማረው እጅ በመላው አገር እየዞረ ታየ፤ ኩባንያውም ተመልካች የሚወደው ማስታወቂያ አገኘ። በዚህ ውል ከሁለቱ ወገን የተጎዳ የለም።

በ1936 ዓ.ም. ደግሞ የኤልዊን ሆውቶርንና የዋልተር ስቴግልስ ሥዕሎች የእንግሊዝን አገር ከወከሉት ሥዕሎች ጋር ኢጣልያ አገር ቬኒስ ወደሚደረገው ዓለም አቀፍ ትርኢት ተላኩ። ተላላኪ የነበረ ወጣት ሥዕል ይህን ያህል መድረሱ የሚያስደስት ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን የዓመቱ ቊጥር ሌላ ነገር ያስታውሰዋል፤ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት በሜይ 5 ቀን፣ ማለት በእኛ አቈጣጠር በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የቦው ጸጥተኛ ጎዳናዎች በቬኒስ ግድግዳ ላይ በተሰቀሉበት ጊዜ፣ የዚያው ቡድን ባልደረባ የነበሩት አልበርት ተርፒን በቤትናል ግሪን መንገዶች ላይ የእንግሊዝን ፋሺስቶች በመቃወም ይታገሉ ነበር።

አዲስ አበባ የምታውቃቸው ሴት

ስለ ቦው ሰፈርና ስለ ሠራተኛ ሥዕል ሲነገር ሚስ ሲልቪያ ፓንክኸርስትን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በ1956 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው ተቀምጠው፣ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን መጽሔት እያዘጋጁ ኖረው፣ በ1960 ዓ.ም. ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩትን እኒህን ሴት ኢትዮጵያ የምታውቃቸው በወዳጅነታቸው ነው። የሥዕል ሞያ የተማሩ መሆናቸው ግን በብዙው ዘንድ አይታወቅም።

ሚስ ሲልቪያ በሎንዶን የንጉሣዊው የጥበብ ኮሌጅ ተማሪ ነበሩ። በ1907 ዓ.ም. በየፋብሪካው እየዞሩ፣ በግላስጎው የጥጥ መፍተያ፣ በሌስተር የጫማ ፋብሪካ፣ በስታፎርድሽር የሸክላ ሥራ ቤት የሚደክሙትን ሴቶች በሥራቸው ላይ እንዳሉ ሣሉ። ይህም ከዋይትቻፕሉ ትርኢት 21 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በ1912 ዓ.ም. ለሴቶች የመምረጥ መብት ለመታገል ወደ ምሥራቅ ሎንዶን በመጡ ጊዜ የመጀመሪያ ጽሕፈት ቤታቸውን ያደረጉት በቦው መንገድ ላይ በነበረ በአንድ የቀድሞ ዳቦ ቤት ሲሆን፤ በሱቁ ግንባር ላይ ጽሑፉን በወርቅ ቀለም የጻፉት ራሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው ነው።

በ1914 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ያደረጉት ሥራ ደግሞ የአስመጪዎችን ጆሮ የሚስብ ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ገበያ ብዙውን የልጆች አሻንጉሊት የሚያገኘው ከጀርመን አገር ነበር። ጦርነቱ ይህን ዕቃ ሲያቋርጠው ሚስ ሲልቪያ ሥራ ላጡት የሰፈሩ ሴቶች በቦው ውስጥ አሻንጉሊት የሚሠራበት ትንሽ ፋብሪካ አቋቋሙ። ንድፉን ሠዓሊዎች አወጡ፤ ሴቶቹ ሠሩት፤ ዕቃውም እስከ ሎንዶን ትልልቅ መደብሮች ድረስ ገበያ አገኘ። የማስመጫው መንገድ ሲዘጋ በአገር ውስጥ የሚሠራው ሰው እንዴት ሊነሣ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በዚያ ሰፈር አይገኝም። የሴት ሠራተኞቹን የፋብሪካ ሥዕሎች በተመለከተ ግን ቴት የሥዕል ቤት አራቱን የገዛው በ2018 ዓ.ም. ነው፤ ከተሣሉ ከ111 ዓመት በኋላ።

መበተንና መመለስ

የሌፌቭር ተከታታይ ትርኢቶች በ1936 ዓ.ም. ካበቁ በኋላ ቡድኑን በአንድነት የሚያቆመው ነገር አልተገኘም። ከሦስት ዓመት በኋላ ጦርነት ሆነ። ከሴፕቴምበር 7 ቀን 1940 ዓ.ም. ጀምሮ የጀርመን አውሮፕላኖች በወደቦቹና በምሥራቅ ሎንዶን ላይ ቦምብ አዘነቡ፤ በሥዕሎቹ ላይ የነበረው ብዙ መንገድ ወደ አመድነት ተለወጠ። አልበርት ተርፒን በዚያ ጊዜ እሳት አጥፊ ሆነው ያገለገሉ ሲሆን፤ የሚወዱት ሰፈር ሲቃጠል ያጠፉ ነበር፤ የተቃጠለውንም ሣሉት። በ1946 ዓ.ም. የቤትናል ግሪን ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። መስኮት የወለወሉላቸው ባለሱቆች በከንቲባነት አዩአቸው።

አስተማሪው ጆን ኩፐር የጦርነቱን ፍጻሜ ሳያዩ በ1943 ዓ.ም. ሞቱ። ኤልዊን ሆውቶርን በ1954 ዓ.ም. ሲሞቱ የቬኒሱ ክብር ተረስቶ ነበር። ሥዕሉ በስጦታ የተጀመረ ቢሆንም የሚኖረው በሽያጭ ነበርና፣ ሻጩ ሲቀር ሠዓሊዎቹ ወደየደመወዛቸው ተመለሱ። ከዋይትቻፕል ደጃፍ እስከ ቬኒስ ስምንት ዓመት የፈጀው መንገድ ወደ ኋላ ሲሆን ከዚያ ባነሰ ጊዜ አለቀ። ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ያህል የቡድኑን ስም የሚያነሣ ሰው እምብዛም አልነበረም፤ ብዙው ሥዕል በየዘመዱ ቤት ግድግዳ ላይ ወይም አልጋ ሥር ነበር። እስከ 1997 ዓ.ም. የኖሩት ዋልተር ስቴግልስ ግን ሥዕል ሳያቋርጡ፣ የዘመኑንም ወረቀቶች ሳይጥሉ ቈዩ።

የሥዕል ታሪክ ጸሓፊው ዴቪድ በክማን በ2012 ዓ.ም. የቡድኑን ታሪክ በመጽሐፍ ካወጡ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ2014 ዓ.ም. በቦው ሰፈር፣ ቀድሞ የመነኵሲቶች መኖሪያ በነበረ ሕንፃ ውስጥ በሚገኘው ነነሪ በተባለው የሥዕል አዳራሽ፣ የቡድኑ ሥዕሎች ወደ ተሣሉበት አካባቢ ተመልሰው ለሕዝብ ታዩ። በ2017 ዓ.ም. በዚያው አዳራሽ ለሁለተኛ ጊዜ ትርኢት ሲደረግ «ሠራተኛው ሠዓሊ» የሚል ስም ተሰጠው። አዳራሹ ከቦው ዋና መንገድ አጠገብ ስለ ሆነ፣ ተመልካቹ የሆውቶርንን ሥዕል አይቶ ሲወጣ በቀጥታ የሚገባው ሥዕሉ ወደሚያሳየው መንገድ ነበር፤ ሱቆቹ ባለቤት ለውጠዋል፤ በሰሌዳዎቹም ላይ ሌላ ስም ተጽፏል።